ከፊት ለፊት የተነበበው ጆሮ

የምስክር ቃል

ስም፦ ለምስክሩ ደኅንነት በተለየ መዝገብ ተይዟል፤ በመሥሪያ ቤቱ «አባ ቆጠራ» በመባል ይታወቃል
ዕድሜ፦ 61
አድራሻ፦ ከጣውላ መጋዘኑ ጀርባ
ሥራ፦ የቤተ ሙከራ እንስሳት ክፍል ተንከባካቢ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሐሙስ፣ ከቀኑ 5፡10 ሰዓት፣ የምርመራ ክፍል ቁጥር 2

እኔ ከላይ የተገለጽሁት ምስክር በእንስሳት ክፍሉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልሁ ስሆን፣ ማንም ሳያስገድደኝ ቃሌን እሰጣለሁ። የጫማ ፋብሪካው ለማጣበቂያ የሚጠቀምበት ማቅጠኛ ፈሳሽ የሳንባ ካንሰር ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ በክፍላችን ሙከራ ሲካሄድ ቆይቷል። ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር ያላቸው አይጦች በየቀኑ ተኑን ይተነፍሳሉ፤ ከአርባ አንድ እስከ ሰማንያ ያሉት ንጹሕ አየር ብቻ። በስምንተኛው ወር መጨረሻ የሁሉም ሳንባ ይመረመራል፤ ይህ ነገር ሲደርስ ለዚህ የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር። ሴት ልጄ በዚያው ፋብሪካ በማጣበቂያ ክፍል ትሠራለች። ስለዚህ ወገንተኛ ነህ የሚለኝ ቢኖር አልከራከረውም፤ ቃሌን ግን ይመርምር።

ባለፈው ቅዳሜ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ላይ የክፍላችን ምክትል ኃላፊ «ጎብኚዎች አሉብኝ» ብሎ የአይጦቹን ክፍል ቁልፍ ከእኔ ተረከበ፤ በመዝገቡም ፈርሟል። ጎብኚ ሲገባ ያየ ዘበኛ ግን የለም። ምክትሉ ከአስተዳደር ቢሮ ወደ እኛ ከተዛወረ አምስት ወሩ ነው። የፋብሪካው መኪና በእነዚህ ወራት ሁለት ጊዜ በራችን ላይ ቆሞ አይቻለሁ፤ ለምን እንደመጣ ስለማላውቅ ከዚህ በላይ አልመሰክርም።

ሰኞ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ቁልፉን መልሶልኝ አይጦቹን ለመመዘን ገባሁ። ተኑን የሚተነፍሱት አርባዎቹ እስከ ዓርብ ድረስ ፀጉራቸው የቆመ፣ ሲተነፍሱ ጎናቸው የሚርገበገብ፣ ምግባቸውን የተዉ ነበሩ። ሰኞ ግን ፀጉራቸው ለስልሶ፣ ክዳኑን ስከፍት ሊዘሉ የሚያኮበኩቡ ሆነው አገኘኋቸው። ለምክትሉ ነገርሁት።

«ተሽሏቸዋላ፤ ደስ አይልህም እንዴ አባ ቆጠራ?» አለኝ።

በስምንት ወር የገባ በሽታ በአንድ እሑድ የሚወጣ ከሆነ ሐኪሞች ሁሉ እሑድን ይዘዙ ብዬ መለስሁለት። ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

በእኛ ቤት የአይጥ ቁጥር የሚታወቀው ጆሮው ጠርዝ ላይ በሚቆረጠው ምልክት ነው። ቀኝ ጆሮ አንዶችን፣ ግራ ጆሮ አስሮችን ይናገራል። እኛ አይጥን ከጀርባው ስለምንይዝ የእርሱ ቀኝ የእኛም ቀኝ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ማስተማሪያ ሥዕል ግን አይጡን ከፊት ለፊት ስለሚያሳይ ቀኙ በተመልካቹ ግራ ይውላል። አዲስ ሠራተኛን አስቀድሜ የማስጠነቅቀው ይህንኑ ነው። ምክትሉ በመጣ ሰሞን ላስረዳው ብሞክር «የአይጥ ጆሮ ለማንበብ ትምህርት ቤት ልግባ ወይ?» ብሎ አሳፍሮኛል።

የዚያን ሰኞ የአርባዎቹን ጆሮ እንደ ልማዴ ከጀርባ ሳነብ፣ በአሥራ ሁለት ቁጥር ሣጥን ሃያ አንድን አገኘሁ። በሠላሳ ስምንት ሣጥን ሰማንያ ሦስትን አገኘሁ፤ በቤቱ ከሰማንያ በላይ ቁጥር የለም። ልክ የነበሩት አሥራ አንድ፣ ሃያ ሁለትና ሠላሳ ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከየትም ቢነበቡ ያው ናቸውና። የአርባዎቹም የጆሮ ቁስል ገና ቅርፊቱን አልጣለም።

ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት በሠላሳ ስምንት ሣጥን የነበረውን አይጥ ይዤ ወደ ምክትሉ ቢሮ ገባሁ። «መነጽሬን ረሳሁ፤ እስቲ ቁጥሩን ያንብቡልኝ» አልሁት። መነጽሬ በኪሴ ነበር። አውቄ የተናገርሁት ውሸት ስለሆነ ሳይቀነስ ይጻፍልኝ። እርሱም ፊት ለፊት አይቶ «ሠላሳ ስምንት» አለ። «አስሩ በየትኛው ጆሮ ነው?» አልሁት። ያን ጊዜ ገባው። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋ።

«ስማ አባ፣ ፋብሪካው ቢዘጋ ልጅህ ምን ትበላለች? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

«ዝንቡስ ይግባ፤ እኔን የሚያስፈራኝ በልጄ አፍ የሚገባው ነው» ብዬው ወጣሁ።

ቀጥዬ የሞቱ እንስሳት እስኪቃጠሉ ወደሚቆዩበት ማቀዝቀዣ ሄድሁ። በአንድ ጥቁር ከረጢት ውስጥ አርባ አይጦች አገኘሁ፤ ጆሯቸው በእጄ የተቆረጠ፣ ቁስሉ ከዳነ ወራት ያለፈው ነው። የማቃጠያው ቀን ረቡዕ ነበር። ከረጢቱን እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ በብረት ሣጥን ከትቼ በራሴ ቁልፍ ቆልፌ ወደዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ አመለከትሁ። ምክትሉ «ንብረት ሰረቀ» ብሎ የከሰሰኝ ይህንኑ ነው። ቁልፉን ዛሬ ለመርማሪው አስረክቤያለሁ።

መርማሪው «አይጦቹ መታመማቸውን ለልጅዎ ነግረዋታል ወይ?» ሲል ጠይቆኛል። አልነገርኋትም። ሥራው ሲጀመር ውጤቱ እስኪታወቅ ለማንም እንዳልናገር ፈርሜአለሁ፤ ፊርማዬን አክብሬ ስምንት ወር ሙሉ በአንድ ገበታ ተቀምጠን ሳሏን እየሰማሁ ዝም ብያለሁ። ይህን ታማኝነት ብዬው ነበር። ዛሬ ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም።

ቃሌ ተነብቦልኝ እውነት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቃለሁ። የፋብሪካው የከሰዓት ፈረቃ 7፡00 ሰዓት ላይ ስለሚገባ፣ ልጄን በሩ ላይ ቀድሜ እንድይዛት ቃሌ እዚህ ላይ እንዲያበቃ ጠይቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ 6፡25