ላስቲኩ ያልተቀደደ ሄድፎን

ከዲላ ወደ ፍስሐ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንድ ተማሪና አንዲት ቡና ለቃሚ ሴትዮ ተቀምጠዋል። ሁለቱም አንድ ዓይነት ሄድፎን ይዘዋል፤ የሷ ተጫጭሯል፣ የሱ ገና ካርቶኑ ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ ይሄን አሮጌ ገዛሽው?»

«አዎ፣ ታድሶ የተሸጠ ነው።»

«ተሸውደሻል! የኔን እይው፣ ላስቲኩ እንኳን አልተቀደደም።»

«ላስቲክ ማንም ያለብሳል። እስቲ አውጣና ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊው?» አለና አውጥቶ ሰጣት።

«ልመዝነው። ቡና ስለቅም ባዶውን ፍሬ የሚለየው እጄ ነው። ያንተ ቀለለኝ።»

«ሄድፎን ቡና አይደለም!»

«እሺ፣ ጆሮህ ላይ አድርገውና የውጭ ድምፅ ማጥፊያውን ተጫን። የሹፌሩ ዘፈን ይሰማሃል?»

«ይሰማኛል።»

«አሁን የኔን አድርግ።»

ልጁ አደረገው።

«እ... ጠፋ!»

«ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ቡና መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ነው የምለቅመው። ጆሮዬን ማንም አይሸውደውም።»

«ባለሱቁ የተሸጠ ዕቃ አልመልስም ይላል።»

«ይበል! ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። በገበያተኛው ፊት ሁለቱንም በየተራ ባለሱቁ ጆሮ ላይ አድርጌ ይሰማው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።»

እኔም ጠዋት ዲላ የገዛሁትን፣ ላስቲኩ ያልተቀደደ የሄድፎን ካርቶን ከጭኔ ላይ አንስቼ፣ ማንም ሳያየኝ በእጄ መዘንኩት።