ዱካው የተጠረገ መንገድ

አንቺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ... አንድ ቦታ ሰው የሚመላለስበት መሆኑ እንዲታወቅለት ምን ያህል መቆሸሽ አለበት? ባወጣው ባወርደው መልሱ አልመጣልኝም። ውይ፣ ሰላም እንኳ ሳልልሽ! እንዴት አደርሽ? ስፌቱስ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽ ተሻለሽ? በይ ነይና የዚህን አንሶላ ጫፍ ያዢልኝ፤ ብቻዬን ስጨምቀው ግማሹ መሬት ይነካብኛል። አዎ፣ እንደዚያ፣ ጠምዘዝ አድርጊው። ደግ ፀሐይ ወጥቶልናል ዛሬ። ከላይ ያለው መስኮት ክፍት ነው እንዴ? ...ይሁና፣ ንፁህ አየር ማን ይጠላል። እኛም ስለ ጽዳት ነው የምናወራው፤ ሰው አናማም።

ጽዳት ካልሽ ደግሞ... አንድ የማውቃቸው ሴት አሉ። ስማቸው ይቅር። እንደሳቸው ያለ ንፁህ ሴት በሕይወቴ አላየሁም። እሳቸው ቤት ዝንብ እንኳ እግሯን ጠርጋ ነው የምትገባው። ሰፈሩም ቃላቸውን ይሰማል፤ ታዲያ አይሰማ? እንደሳቸው ለሰፈር የሚጨነቅ ማን አለ?

ከአንድ ወር ገደማ በፊት ከማዘጋጃ ቤት መሬት ገምጋሚ ይመጣል አልተባለም? ከቤቶቹ ጀርባ ያለውን የሕዝብ መሬት፣ ያን ዛፍ ያለበትን ተዳፋት፣ ለተራራ ብስክሌት መንጃ ይሆን እንደሆነ ሊያይ። ሴትዮዋ ይህን ሲሰሙ እንቅልፍ ባይናቸው ሳይዞር አደሩ። ብስክሌቱ መቼ አሳሰባቸው? የእንግዳው መምጣት ነው እንጂ። «ይህን ዝብርቅርቅ አይቶ ምን ይለናል!» አሉ። ከልባቸው ነው ያሉት፣ ልባቸው ንፁህ ነው። እኛም መጥረጊያ መጥረጊያችንን ይዘን ወጣን። እሳቸውን እምቢ የሚል አንጀት ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ከዛፉ ላይ የልጆቹን የጎማ ዥዋዥዌ አስወረዱ። ከዚያ ዝናብ ሲሆን እንዳያዳልጠን ከዛፍ ዛፍ የወጠርነውን ገመድ አስፈቱ፤ «የልብስ ማስጫ ይመስላል» ብለው። ቦዩን የምንሻገርባት ሳንቃስ? እሷም ተነሣች፤ «አሮጌ ናት፣ ታሳፍራለች»። ይህ ሁሉ ደግ። ኋላ ግን የምንመላለስበትን መንገድ ራሱን ውሃ አርከፍክፈው መጥረግ ጀመሩ። የትንንሽ ጫማ ዱካ፣ የልጅ ጋሪ የሄደበት መስመር፣ ሁሉም ድምጥማጡ ጠፋ። ደግሞ እንዴት እንደሚጠርጉ አይተሻል? ወደኋላ እየሄዱ! የራሳቸው እግር እንዳያበላሽባቸው። ሌባ እንኳ እንዲህ አይጠነቀቅም... እሳቸውን አላልኩም እኮ፣ ስለ ሌባ ነው የማወራው።

ሰውዬው መጣልሽ። የዋህ ነገር ነው፣ ጥፋት የለበትም። ጎንበስ ብሎ አፈሩን ይነካል፣ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል። እሳቸው ከጎኑ ናቸው፤ ያን ዕለት የለበሱትን ልብስ ለሠርግም ለብሰውት አያውቁም። «ሰው ይመላለስበታል?» አላቸው። ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም አልጠየቃቸውም። እሳቸው ግን ዓይናቸውን መሬት መሬቱን ያንከራትታሉ። «ምን አይቶ ነው? የወደቀ ካልሲ ይሆን? የብስኩት ወረቀት?» ፈገግ አሉና፣ «ኧረ ጭር ያለ ቦታ ነው፣ ማንም አይደርስበትም» አሉት። ትሕትና ነው እንግዲህ። አንቺስ እንግዳ መጥቶ «ቤቱ ጠበባችሁ እንዴ?» ቢልሽ፣ «ኧረ ምን ጠቦ!» አትዪም?

እነዚያን ኩርባዎች ሲያይማ ሰውዬው አፉን ከፈተ። ለብስክሌት የሚፈለገው እንዲያ ያለው ነው አሉ። «ማን ሠራው?» አለ። «ተፈጥሮ ነው» አሉት። ዋሹ እንዴ? አልዋሹም! ነፍሰ ጡር ሴት ጤና ጣቢያ ለመድረስ ዳገቱን ቀጥ ብላ መውጣት ስለማትችል፣ ሆዷን ደግፋ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ስትል ነው ያ ሁሉ ኩርባ የወጣው። ይህም ተፈጥሮ ነው። ትንሿን ሳረግዝ አንዷን ኩርባ እኔም ሳላሰፋት አልቀረሁ። እሳቸውም ልጆቻቸውን ያመላለሱት በዚያው ነበር ይባላል... ግን ስንት ሐሳብ ያለበት ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ያስታውስ?

እናም ባዶ መሬት ነው ተባለልን። ማንም የማይረግጠው፣ ለብስክሌት የተፈጠረ። ሥራው ከተፈቀደ ለእግረኛ ይዘጋል አሉ፤ ደግሞ ለእኛው ደህንነት! እኔና ትንሿስ? መዋዕለ ሕፃናት በየት እንሂድ? በዋናው መንገድ ነዋ፣ እነዚያ ከባድ መኪኖች በሚታጠፉበት፣ ሰው ቆም የሚልበት ጠርዝ እንኳ በሌለው። ሁለት መኪና ሲተላለፍ ግድግዳው ላይ ተለጥፈሽ ነው የምታልፊው። እኔስ ልለጠፍ። ልጅ እንዴት ትለጠፋለች?

አንቺ ልጄን ታውቂያታለሽ። ስትደነግጥ አትሮጥም። ዓይኗን በእጇ ሸፍና ትቆማለች፤ እሷ ካላየች ሌላውም የማያያት ይመስላታል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረምሶች ቦታውን እንሞክረው ብለው ከላይ በብስክሌት ሲለቁት ኩርባው ላይ አገኟት። ቆመች። ዓይኗን ሸፈነች። እኔ ከታች ነኝ፣ ብሮጥም አልደርስላት። አንደኛው ወደ ቁጥቋጦው ገብቶ ነው ያተረፋት፤ እግዜር ይስጠው። ያኔ ማን ደረሰልን መሰለሽ? ያቺ ደግ ሴት! ከሁላችን ቀድመው። ጎንበስ ብለው ትንሿን አዩዋት፣ አዩዋትና... «ውይ ቀሚሷ!» ብለው አቧራውን አራገፉላት። እንዲህ ያለ ትኩረት ማን ይሰጥሻል? እኔ እናት ተብዬ የማየው ፊቷን ብቻ ነበር፤ ቀሚሷ ትዝም አላለኝ።

ድምፄ ከፍ አለ እንዴ? ...አንሶላው ከብዶኝ ነው። በይ ከዚህም በኩል ያዢው፣ ገመዱ ላይ እንጣለው።

ነገ ገምጋሚው ለመጨረሻ ጊዜ ይመለሳል። የሰፈሩን ሰው ሰምቶ ነው የሚወስነው። እሳቸው ያን ዕለት ጭር ያለ ነው ስላሉት፣ የሌሎቻችን ቃል ብስክሌት ጠልተን የፈጠርነው ይመስለዋል። አንዲት ቃል ከሳቸው አፍ ብትወጣ ግን ይበቃን ነበር፤ «ያን ዕለት ሁሉን ያስነሣሁት እኔ ነኝ፣ ሰውስ ይሄድበታል» ቢሉ። ምላስ አይደክምበት! ትንሿን አዝዬ ሄጄ ለመንኳቸው። ወንበር ሳቡልኝ፣ ውሃ ሰጡኝ፣ ልጄን ሳሙልኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ አሁን እንዲህ ብል እስከዛሬ ዝርክርክ ነበርን ማለት አይሆንብኝም? ምን ብዬ ዓይኑን አየዋለሁ?» እውነታቸውን ነው። የሰው ዓይን ማየት ከባድ ነው። እኔ ከዚያ ወዲህ የልጄን ዓይን ማየት እንዴት እንደከበደኝ ስለማውቅ ነው።

አላለቀም፣ ስሚ። ዛሬ ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ስከፍተው እሳቸው! ሐሳባቸውን ቀይረው መጡ ብዬ ደስታዬን አልችለው አልኩ። «መጥረጊያሽን አውሺኝ» አሉኝ፤ «ነገ እንግዳ አለብን፣ ገመዱንም ደግሞ አስረውታል መሰል፣ አስፈታዋለሁ።» አየሽ መታደል? እኛ ስንዘነጋ እሳቸው አይዘነጉም። መጥረጊያው ከሰው ቤት ነው፣ አስመጣለሁ ብዬ አቆየኋቸው። ያውልሽ፣ ከበሩ ኋላ ቆሞ ያየኛል።

እስኪ አንቺ ከእኔ ትሻያለሽ፣ ምከሪኝ። መጥረጊያውን ልስጣቸው? ወይስ ነገ ትንሿን ይዤ፣ ሰውዬው ሲመጣ መንገዱ መሐል ሄጄ ልቁም? ብቆምስ ያየኛል? ወይስ እኔንም ትልቅ ሰው እየተሳደበች ነው ብለው ያነሡኛል? ቁርጡን ንገሪኝ፤ እኔ ሐሳቤ ሁሉ ተበትኗል።

የሆነ ሆኖ፣ ለሳቸው ክፉ አልመኝም። ምን በወጣኝ! ለሰፈር እንዲህ የደከመ ሰው ምርቃት ነው የሚገባው። ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጣቸው። በስተርጅናቸውም ልጅ የማያንኳኳው፣ ጎረቤት የማይዘልቀው፣ አንድ የሰው ዱካ እንኳ ዝር የማይልበት፣ እንዲህ እንደጸዳ የሚኖር ደጅ ያድላቸው... አሜን በዪ እንጂ፣ መስኮታቸው ክፍት ነው፣ ይሰሙሻል።