አሥራ ሁለተኛው ፎቶ

ደሴ፣ አንድ አሮጌ ፎቶ ቤት፤ የመዝገብ ቤት ሥራዋን ለቃ ከመንገዱ ማዶ የራሷን ፎቶ ቤት ልትከፍት ያሰበችው ሰናይት፣ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ዘርግታ አዛውንቱን ባለቤት ጋሽ ይመርን ትሞግታለች።

ሰናይት፦ አሥራ አንዱም? አንድ እንኳ ደህና አጡ?

ጋሽ ይመር፦ እውነቱን ይንገሩኝ አልሽ፤ ነገርኩሽ። ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል።

ሰናይት፦ ፊት ለፊቱ ፎቶ ቤት ሊከፈትበት ያለ ወዳጅስ?

ጋሽ ይመር፦ እህ፣ ነገሩ እሱ ነዋ። እኔም ይህን ሁሉ ሰው ትታ እኔ ዘንድ ምን አመጣት እያልኩ ነበር። ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር።

ሰናይት፦ የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ነገ አስገባለሁ። ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው ይይልኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ቅናት ከሆነ ግን አይደብቁኝ።

ጋሽ ይመር፦ እጄ እየተንቀጠቀጠ በምኔ ልቅና? ይልቅ እኚህን አሮጊት እያቸው። ሰባ ዓመት የኖሩበትን ፊት በስልክሽ ላሽተሽ የተላጠ እንቁላል አስመሰልሻቸው። የዚህ ዘበኛ ጠባሳስ የት ገባ?

ሰናይት፦ ዘንድሮ ሰው የሚወደው እንዲህ ነው።

ጋሽ ይመር፦ ይቺ ደግሞ አንቺ ነሽ። ግራ ጉንጭሽ ላይ ያለው፣ ማርያም የሳመችሽ ምልክትስ?

ሰናይት፦ አጠፋሁት። ከልጅነቴ ስጠላው የኖርኩት ነው። ይልቅ አሥራ ሁለተኛዋን ይዩልኝ፤ ሙሽራ ናት።

ጋሽ ይመር፦ ይህቺን... መቼ አነሳሻት?

ሰናይት፦ ባለፈው ጥር። ምነው?

ጋሽ ይመር፦ ምንም።

ሰናይት፦ ታዲያ ምን ይላሉ?

ጋሽ ይመር፦ ከሁሉም የከፋችው ይቺ ናት። ብርሃኑ ደህና ነው፣ አቀማመጧም ያምራል። ፊቱ ግን የሷ አይደለም። ያነሳት ሰው የመስኮት ጌጥ ነው የፈለገ።

ሰናይት፦ ጥሩ። የኔ ቅጂው ነው። ዋናው ይኸውና፤ ጀርባው ላይ ያለውን ማህተም ያንብቡት። «ፎቶ ይመር» ይላል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ጋሽ ይመር፦ ልትፈትኚኝ ነው ለካ የመጣሽው።

ሰናይት፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። የራስዎን ሥራ እንኳ አላወቁትም፤ የኔን ሲነቅፉ እንዴት ልመንዎት?

ጋሽ ይመር፦ ገና ስታስቀምጫት ነው ያወቅኋት።

ሰናይት፦ የርስዎ መሆኑን እያወቁ ነቀፉት?

ጋሽ ይመር፦ መጥፎ ነዋ። እናትሽ ናት አይደል?

ሰናይት፦ ማን ነገረዎት? እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው። ያለኝ ፎቷ ይኸው ብቻ ነው። መልኳን የማውቀው በዚህ ነው።

ጋሽ ይመር፦ አየሽ፣ ያኔ እኛ ፊልሙ ላይ በእርሳስ ነበር ፊት የምናሳምረው። ያለ ስልክም ስናጠፋ ኖረናል። እናትሽ ፎቶውን ልትወስድ መጥታ ብዙ ቆማ አየችውና «ይመር፣ የኔስ የት ሄደ?» አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ሰናይት፦ ምኗ ነው የሄደው?

ጋሽ ይመር፦ ያን ስትጠዪው የኖርሽውን ምልክት ከማን የወረስሽው ይመስልሻል?