ሸማ ይዘን እንጋርዳታለን

ከሐሙሲት ገበያ ወደ ደብረ ታቦር ስንመለስ ከፊቴ አንዲት ልጅ በበቅሎ ትሄዳለች። ከኋላዬ እናቷና አንዲት አሮጊት ያወራሉ።

«ልጅሽ ከስታለች።»

«እህል እምቢ አለች፣ እሜቴ። ፋሲካ አልፎም እሷ እንደጾመች ነች።»

«አጉርሻት እንጂ።»

«በግድ አጎረስናት። ተፋችውና ከዚያ ወዲያ ከገበታው ሸሸች።»

«ጠበልስ?»

«ወስደናታል። አሁን ገበታ ስትቀርብ እኔና አባቷ ሸማ ይዘን እንጋርዳታለን።»

«መኳንንት ሲበሉ እንደሚጋረዱት? የገበሬ ልጅ?»

«ጎረቤትም በዚሁ ይስቃል።»

«መብላቷን በምን ታውቂያለሽ?»

«ማየቱን ትተናል። አንዳንድ ቀን ስታላምጥ ይሰማናል። ያን ቀን ክንዳችን ቢዝልም ሸማውን አናወርደውም።»

ምንጭ ዳር ወርደን ስንቅ ስንፈታ አሮጊቷ የሸማውን አንድ ጫፍ ያዙላት፤ እኔም ፊቴን ወደ ጉና አዞርኩ።