በሰም የዳነው የሐር ክር

አበባውን ለንብ፣ ሰሙን ለመቅደስ ያደለ አምላክ ስሙ ይክበር፤ አሜን።

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጧፍ ከሱቅ አይገዛም ነበር፤ ፈትሉን ከቀለጠ ሰም እየነከርን ራሳችን እንሠራው ነበር፤ እና ይህ እጄ ያንን አልረሳም። ታዲያ ዘንድሮ፣ እዚሁ ወልቂጤ የሚያስተምረው ጎረቤቴ መምህር ታምሩ፣ ከአባቱ የወረሰውን የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ይዞ መጣ። ክሩ ሐር ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ላባ ታስሮበት ዝንብ መስሏል፤ ክሩ ሲንሳፈፍ ዓሣው ዝንብ አገኘሁ ብሎ ይውጠዋል። ነገር ግን ክሩ አርጅቶ ውኃ ይጠጣል፣ ይሰምጣል።

«የኔታ፣ ልጥለው ነው፤ የአባቴ እጅ ያረፈበት ሌላ ዕቃ ግን የለኝም» አለኝ።

«አትጥለውም» አልኩት። እና ምን አደረግሁ? እንደ ጧፍ ከቀለጠ ሰም ውስጥ ዘፈቅሁት። ዋቤ ወንዝ ወርደን መምህሩ ሊወረውረው ቢል ክሩ እንደ እንጨት ደርቆ እምቢ አለ። ከቡታጅራ ቅቤ እያመጣ የሚሸጠው ወዳጄ ሸምሱ አብሮን ነበረ፤

«የኔታ፣ ለዓሣው ጧፍ ሊያበሩለት ነው? እሳት ብቻ ነው የቀረው» አለ።

መምህሩ አልሳቀም፤ የደረቀውን ክር በጣቱ ዳሰሰ። እኔም አፈርኩ።

ታዲያ ቤቴ ገብቼ ሳሰላስል የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ ጠፍር ትዝ አለኝ። ጠፍር ሲደርቅ በምን እናለሰልሰዋለን? በቅቤ!

«ሸምሱ፣ እስቲ ከቅቤህ ጥቂት አምጣ» አልኩት አስጠርቼ።

«ደግሞ ዓሣውን ክትፎ ሊያበሉት ነው?» አለ፤ አመጣ ግን።

ክሩን በሙቅ ውኃ አሳልፌ ትርፉን ሰም ጠረግሁ፤ ከዚያ ሰምና ቅቤ አንድ ላይ አቅልጬ፣ ሲረጋ በጣቴ እያነሣሁ ክንድ በክንድ አሸሁት፣ አሸሁት፣ በቁራጭ ቆዳም ወለወልሁት።

በማግሥቱ ጧት ወደ ዋቤ ተመለስን። መምህሩ ወረወረ፤ ክሩ ተዘረጋ፤ እና ስሙኝማ፣ ተንሳፈፈ። ሸምሱ «ይሰምጣል፣ አሁን ይሰምጣል» እያለ ሳለ ውኃው ተናወጠ፣ ዘንጉ ጎበጠ፤ ክንድ የሚያህል ዓሣ ወጣ። መምህሩ ዓሣውን ትቶ ክሩን ሳመ።

ሸምሱ ወዲያው፣ «ቅቤው የማን ነበረ? እኔም ድርሻ አለኝ» አለ።

«አለህ እንጂ» አልኩት፤ «እሳት ብቻ ነው የቀረው ብለህ አልነበር? በል አንድድ፣ እንጥበሰው።»

እናንተም የሰማችሁኝ፣ ከአባቶቻችሁ እጅ የተቀበላችሁት ሁሉ ከውኃ በላይ ይዋል፤ ስታችሁ የምታርሙበትን ልቡና ያድላችሁ። አሜን በሉ።