ገደ ቢስ የተባለው ሹፌርና የደረቀው ካፓሲተር

በጎንደር ከተማ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስ የምታስተምረው ኤሌኒ፣ ደባርቅ የአክስቷን ተዝካር አውጥታ ስትመለስ ያላሰበችው ሙግት ገጠማት። በጠዋቱ ብርድ በደባርቅ መናኸሪያ ውስጥ የተሳፈረችባት ሚኒባስ አልነሳም ብላለች። ክንዱ የተባለው ሹፌር ቁልፉን ደጋግሞ ቢያዞርም ሞተሩ ይንተፋተፍና ይጠፋል። በዚህ መሐል የማኪናዋ ባለቤት አያ ቢያዝን በሩን ከፍተው ቁልፉን ከእጁ መነተፉት።

«ውረድ ከማኪናዬ። ገደ ቢስ ነህ። ከሰዓት ጎንደር ላይ የወንድሜ ልጅ ሲይዛት ሸጋ ሆና ትነሳለች፤ ጠዋት አንተ ስትነካት ትሞታለች። ከእንግዲህ በዚህ መስመር ማንም እንዳይቀጥርህ እናገራለሁ።»

ክንዱ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ሚስቱ አራስ ነበረች። ኤሌኒ ደሟ ፈላ። የሰው እንጀራ በእንዲህ ያለ ከንቱ ወሬ ሲቆረጥ ቁጭ ብሎ ማየት ምን ይባላል?

«አያ ቢያዝን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ ነውር ነው» አለች። «ጥፋቱ የእሱ እጅ ከሆነ እስኪ እርስዎ ያስነሷት።»

ሽማግሌው ገብተው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ተንተፋተፈና ጠፋ።

«አጠገቤ ቆሞ ነዋ» አሉና ክንዱን ከመናኸሪያው አጥር ውጭ አስወጡት። ደግመው ቢያዞሩም ያው ሆነ። ከኋላ አንዲት ተሳፋሪ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«የተማረ ሰው መቼም መልስ አያጣም» አሉ ተናደው። «በይ ንገሪኛ፣ ምነው ከሰዓት የምትነሳው?»

«ጠዋት ደባርቅ ስለሚበርድ፣ ከሰዓት ጎንደር ስለሚሞቅ ነው።»

ክንዱን አስጠርታ ባትሪውን አስፈታችና በእሱ ካቻቢቴ ሞተሩን የሚያዘውን የማኪናዋን ኮምፒውተር ከዳሽቦርዱ ሥር አወጣች። ሣጥኑን ከፍታ ለሽማግሌው አሳየቻቸው።

«እነዚህ ትንንሽ በርሜል የሚመስሉት ካፓሲተር ይባላሉ። የኤሌክትሪኩን ከፍ ዝቅ ማለት ያረጋጋሉ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ብዛት ይደርቃል፣ አንዳንዱም ይፈስሳል። ያረጁት ደግሞ ብርድ ሲነካቸው ጨርሶ ይደክማሉ። እስኪ ያሽትቱት።»

አያ ቢያዝን አፍንጫቸውን አስጠጉ። «የዓሣ ሽታ አለው።»

«የፈሰሰው ፈሳሽ ሽታ ነው። ይህስ የክንዱ ገድ ነው?»

«ይህን ሁሉ እንዲያው ላምንሽ ነው?»

«አይመኑኝ። ጋቢዎ ውስጥ አድርገው ያሙቁትና ይዩት።»

እምቢ ማለት ሽንፈት መሰላቸው። ተሳፋሪው ሻይ ሊጠጣ ሲበተን፣ እሳቸው አግዳሚ ወንበር ላይ ኮምፒውተሩን ሆዳቸው ላይ አስጠግተው እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀመጡ። ኤሌኒ ንዴቷ ሳይበርድ ሳቅ ያዛት። ሣጥኑ ሲሞቅ ወደ ቦታው መልሳ አሰረችው፤ ባትሪውም ተመልሶ ታሰረ። ሽማግሌው ቁልፉን ሲያዞሩ ማኪናዋ በአንድ ጊዜ ተነሳች።

«ሙቀት ኖሯል የፈለገችው» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አዎን። ማሞቁ ግን ፈውስ አይደለም። ጎንደር ስንገባ አሮጌዎቹን ነቅዬ በአዲስ እተካቸዋለሁ። ፈሳሹ እነሱ የተበየዱበትን ቦርድ ሳይበላው ከተቀየሩ ኮምፒውተሩ ይተርፋል፤ ተሳፋሪም በብርድ አይጉላላም። ሰው ከመወንጀል በፊት ዕቃ መመርመር ቢለመድ ኖሮ ደግሞ የስንቱ ሹፌር ቤት ባልፈረሰ ነበር። አሁን ስሙን ባጠፉበት ሕዝብ ፊት ቁልፉን ይመልሱለት።»

አያ ቢያዝን ወርደው ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡት። «ልጄ ክንዱ፣ በድዬሃለሁ። ይቅር በለኝ።»

«እኔስ ይቅር ብያለሁ» አለ ክንዱ። «ከእኔ በፊት የነበረውን ሹፌር ዓለምነውንም ግን በዚሁ ምክንያት ነው ያባረሩት። ገደ ቢስ ነው እየተባለ የሚቀጥረው አጥቶ አዲ አርቃይ ወርዶ ጆንያ ይሸከማል።»

ኤሌኒ ያን ዕለት ጎንደር አራዳ ሰፈር በሚገኝ የጥገና ሱቅ ውስጥ ካፓሲተሮቹን ቀየረች፤ ሚኒባሷም በማግስቱ በደባርቅ ብርድ ሳታስቸግር ተነሳች። አያ ቢያዝን ይህን ካዩ በኋላ ወደ አዲ አርቃይ ወረዱና ዓለምነውን ከእህል መጋዘን ደጅ አገኙት። የደረሰውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩትና ወደ ሥራው እንዲመለስ ለመኑት።

ዓለምነው ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። «ያን ጊዜ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

«ነበር» አሉ አያ ቢያዝን። «እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።»