የአዛናው ተዝካርና የልጁ መንገድ

በቆላ አገር በሚያዝያ ቀትር መንገድ የሚወጣ ሰው ወይ የቸገረው ነው፣ ወይ ሞኝ ነው። እኔ በዚያ ቀን ከሁለቱም ሳይኖርብኝ አልቀረም። ጣሊያን መተማን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነበር። ጨው ጠፍቶ ስለነበር አህያዬን እየነዳሁ ከኮኪት ወደ መተማ ስወርድ ፀሐዩ አናቴን ቢመታኝ ከአንድ ቁርቁራ ሥር ዐረፍሁ።

ጥቂት እንደቆየሁ አንዲት ሴትና አንድ ወጣት ወደ ጥላው መጡ። ጎረቤቴ እመት አየሁሽና ልጃቸው ፈረደ ነበሩ። የእመት አየሁሽ ባል አዛናው ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። አብሮት የዘመተ ሰው መሞቱን ተናገረ እንጂ የት እንደተቀበረ የሚያውቅ የለም። እመት አየሁሽ ከዚያ ወዲህ የሐዘን ከላቸውን አላወለቁም። ፈረደ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት የደገመ፣ ጨዋ ልጅ ነው። በትከሻው ስንቅ የተቋጠረበት ስልቻ አንጠልጥሏል።

«እንደምን ዋሉ፣ እመት አየሁሽ? በዚህ ቀትር ወዴት ነው?» አልኋቸው።

«እግዜር ይመስገን፣ አያ እንግዳው። ልጁን ልሸኝ ነው። ሐጂ ኸሊፋ ሸቀጥ ይዞ ሱዳን ይሻገራል፤ እዚህ ጥላ ሥር ጠብቁኝ ብሎናል።»

«ለምን ሥራ ነው የምትሄደው፣ ፈረደ?»

«ለጉድጓድ ቁፋሮ ነው» አለኝ ቀና ብሎ። «ከገዳሪፍ ወዲያ ውሃ በሌለበት ሜዳ ለከብት መጠጫ ይቆፈራል። ክፍያው ከጥጥ ለቀማው ብዙ እጥፍ ነው አሉኝ።»

እኔ ገዳሪፍ ለአንድ ነጋዴ ጸሓፊ ሆኜ ብዙ ዘመን ኖሬአለሁ። እንጀራ የበላሁበትን አገር ማማት አልወድም፤ ነገር ግን ደመወዝ ያለ ምክንያት እንደማይበዛ ያስተማረኝ ያው አገር ነው።

«ስለ ምን ብዙ እንደሚከፍሉ ጠይቀሃል?»

«አያ እንግዳው፣ እርስዎ ጠይቀው ቢከለክሉኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለ ፈረደ። «እዚህ ግን ምን አለኝ? ከጥንዱ በሬ አንዱን ወታደር ነድቶ በላው። በአንድ በሬ አይታረስ። ዝናቡ ሲመጣ እጄን አጣጥፌ መሬቱን እያየሁ ልቀመጥ?»

እውነቱን ነበር። «መቀናጆስ?» አልሁት። «ጎረቤታችን አለነም እንዳንተ አንድ በሬ ነው የቀረው። ሁለቱን ብታጣምዱ ሁለታችሁም ታርሳላችሁ።»

ፈረደ ወደ እናቱ አየ። እመት አየሁሽም ቆጣ አሉ።

«የአዛናው ቤት ተቀናጅቶ አያውቅም! ለሰው በሬ ያውስ ነበር እንጅ በሬ ፍለጋ የሰው ደጅ አልጠናም። ዛሬ አፈር ቢለብስ ስሙን ላዋርደው?»

«አለነን ደጅ ጥኑት አላልሁም፣ እመቴ። እሱም እኩል ቸግሮታል።»

«ይሁንለት። ግን የእርሻው ነገር ብቻ አይዶለም» አሉና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የአዛናው ተዝካር አልወጣም። ሬሳውን አላጠብሁ፣ አልቀበርሁ። የቀረኝ ተዝካሩ ነው። ቤተ ክርስቲያን ስሳለም ሴቶቹ ያንሾካሹካሉ። ሠንጋ ሳይወድቅ፣ ጠላና ጠጅ ሳይጠመቅ እንደ ውሻ ሞቶ ሊቀር ነው? ፈረደ ሠርቶ ሁለት በሬ ይገዛልኛል፤ አንዱ ለተዝካር፣ አንዱ ለእርሻ።»

«ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ ቢበቃ የትኛውን ያስቀድማሉ?»

ውሸት የማያውቁ ሴት ናቸውና፣ «የተዝካሩን» አሉ።

አንባቢ ሆይ፣ እኒህን ሴት እንዳትስቅባቸው። እኔም ድግስ አልጠላም፤ በሰው ተዝካር ሥጋ ሲታደል ከፊት ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ሆኖም አስበው፤ ወጣቱ ለራሱ እርሻ እንኳ አይደለም የሚሄደው፤ እኛ ጎረቤቶቹ አንድ ቀን ጠግበን እንድናገሳ ነው። ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው ድህነት ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ይሉኝታም ስንቅ ያስቋጥራል።

ይህን በልቤ ሳብሰለስል ሐጂ ኸሊፋ ግመሎቹን እየነዳ ደረሰ። ነጋዴ ነው፤ ቃሉን ግን እንደ ሸቀጡ አይለዋውጥም። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ሐጂ፣ ስለ ጉድጓዱ የሚያውቁትን ለእመት አየሁሽ ይንገሯቸው» አልሁት።

ኸሊፋ ጺሙን አሻሸ። «እኔ መንገድ ነው የማሳየው፤ በሥራው ምን አገባኝ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ከተጠየቅሁ ግን፣ ወላሂ፣ አልዋሽም። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሥራውን የያዘው ሰው ግድግዳውን የሚደግፍ እንጨት አይገዛም፤ በእንጨቱ ፈንታ ለቆፋሪው ከፍ አድርጎ ይከፍላል። የሚመለስ አለ። ከብት ገዝቶ የተመለሰ ልጅም አውቃለሁ። የሚቀርም አለ።»

«የቀረውን እንዴት ያደርጉታል?» አሉ እመት አየሁሽ።

«አፈሩ ከተናደ በኋላ አያወጡትም፣ እመት። ሊያወጣ የወረደውም ይቀራል ብለው ይፈራሉ። ይደፍኑበትና ፈንጠር ብለው ሌላ ይቆፍራሉ።»

«መቃብሩስ? ምልክት የለውም?»

«የለውም።»

እመት አየሁሽ እንደቆሙ ነበሩ፤ አሁን ግን መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ከላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ለኛ ሳይሆን ለራሳቸው ይናገሩ ጀመር። «አንዱን የት እንደወደቀ ሳላውቅ ሁለት ዓመት አለቀስሁ። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ስንቅ ቋጥሬ ልሸኝ መጣሁ! ለአባቱ ተዝካር ልጁን ልኬ፣ ለልጁ ተዝካር ማንን ልልክ ነው?»

ፈረደ አጠገባቸው ተንበረከከ።

«እማዬ፣ ፈርቶ ቀረ ይሉኛል።»

«ይበሉህ» አልሁት እኔ። «ልጄ፣ ሱዳን መሄድ ነውር አይደለም። ዝናብ ጨርሰህ፣ ሰሊጥህን አጭደህ፣ ከጓደኞችህ ጋር ለጥጥ ለቀማ ብትሻገር እኔው እሸኝሃለሁ። ብቻ ሥራን በክፍያው አትመዝነው። ምን ተቀብለህ ምን እንደምትሰጥ እይ። እዚያ የሚገዙህ ጉልበትህን አይደለም፤ ያንን በርካሽ ያገኙታል። የሚገዙት ልትቀር የምትችልበትን ቀን ነው።»

እመት አየሁሽ ቀና አሉ። «ታዲያ አዛናው እንዲሁ ይቅር?»

«አይቀርም። ቄሱ ፍትሐቱን ይደርሳሉ፣ ቅዳሴው ይቀደሳል፣ ድሃ ይበላል። ሥርዓቱ ይኸው ነው። ሠንጋ ይውደቅ፣ ጠጅ ይፍሰስ ያልነው እኛ ነን።»

«በንፍሮና በዳቦ?»

«በንፍሮና በዳቦ።»

«ሰው ምን ይለኛል፣ አያ እንግዳው!»

«ሠንጋ ቢጥሉም ጠላው ቀጥኗል ይላል። የሰው አፍ በድግስ ተዘግቶ አያውቅም።»

ኸሊፋም ፈገግ ብሎ፣ «በሃይማኖታችሁ መግባቴ አይዶለም» አለ። «እኛም ለሞተ ሰደቃ እናወጣለን። ያለው ያርዳል፣ የሌለው ተምር ያድላል። አላህ የሁለቱንም ያያል። ለዘሩ አታስቡ፤ የሰሊጥ ዘር እኔ አበድራለሁ፣ ሲደርስ በዓይነቱ ትመልሱልኛላችሁ።»

እመት አየሁሽ ተነሡ፤ ስልቻውንም ከልጃቸው ትከሻ አወረዱ።

«ና፣ ፈረደ» አሉ። «አለነ ቤት እንሂድ። በሬውን እኔ ራሴ እጠይቀዋለሁ።»

ኸሊፋ ግመሎቹን ነድቶ አለፈ፤ እነሱም ተመለሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ጨዌን ረስቼ አብሬአቸው ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ዝናቡ ሲጥል የፈረደና የአለነ በሬዎች በአንድ ቀንበር ዋሉ። የሁለቱም ማሳ ታረሰ፤ ለየብቻ ቢሆኑ የሁለቱም ጦም ያድር ነበር። ሰሊጡ ደረሰ፣ የኸሊፋ ዘር ተመለሰለት፣ ከተረፈው ተሸጦ አንድ በሬ ተገዛ። ፈረደም በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ለጥጥ ለቀማ ተሻግሮ ለፋሲካ በጤና ገብቷል። ይህ ሁሉ የመጣው አንዲት ሴት የሚያስፈልጋትንና ሰው የሚጠብቅባትን ለይታ ስላየች ነው። ትዳርን የሚያቆመው ይኸው ነው፤ ብዙ ቤት የፈረሰው በረኃብ ሳይሆን ረኃቡን በድግስ ለመሸፈን ሲሞከር ነው።

የአዛናው ተዝካር የወጣው ከመከሩ በኋላ፣ በጥር ነበር። ፍትሐቱ ተደረሰ፤ ድሆችና የቆሎ ተማሪዎች ንፍሮና ዳቦ ጠግበው በሉ። አዲሱ በሬ ከደጅ ታስሮ ገለባውን ያኝካል። ከተጠሩት ሽማግሌዎች አንዱ በሬውን አየት፣ መሶቡን አየት አድርገው፣ «በሬ ከደጅ አስራ በንፍሮ ተዝካር! ሥጋው የት አለ?» ብለው አጉረመረሙ። እኔ ደነገጥሁ፤ እመት አየሁሽም ሰሙ።

ፈረደ ማሰሮ ይዞ፣ ወገቡን ታጥቆ፣ ከእንግዳ እንግዳ እየዞረ እጅ ያስታጥብ ነበር። እመት አየሁሽ በእጃቸው አመለከቱት።

«ሥጋውማ ያውልዎ፣ አያ» አሉ። «ቆሞ እጅ ያስታጥባል። እሱን ማረድ አቃተኝ።»

ፈረደ ማሰሮውን ይዞ ፊታቸው ቆመ። ሽማግሌው ጥቂት ካዩት በኋላ እጃቸውን ዘረጉ፤ ታጥበውም ንፍሮአቸውን ዘገኑ።